የእንግሊዝ ተዝካር

ጋሽ ማሙሸት ማረፋቸውን የሰማሁት ቢሮ ውስጥ የሻይ ብርጭቆ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ነው። የወንድማቸው ልጅ ግርማ ደውሎ «ጋሼ እኮ አረፉ» አለኝ። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ለቅሶ ሳይሆን ሳቅ ነበር። ሳቁን ልውጠው ስል ሻዩ ትን አለኝ፤ እንባው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጠገቤ የነበረችው ባልደረባዬ ደንግጣ ማን ሞቶብሽ ነው ስትለኝ ምን ብዬ እንደማስረዳት ግራ ገባኝ። የእንግሊዝን የውርስ ግብር በዜማ የሚያወርዱ የመንዝ ሰው ነበሩ ብላት አበደች ማለቷ አይቀርም።

ያወቅኳቸው መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ስቀጠር እሳቸው የግብር ክፍሉ አንጋፋ ሠራተኛ ነበሩ። ዘመኑ የኢሕአዴግ ዘመን ነው፤ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ የመጣበት፣ ጠረጴዛችን በየጊዜው ቦታ የሚቀያየርበት፣ ከሥራው ስብሰባው የሚበዛበት። በየስብሰባው ጋሽ ማሙሸት የኋላ ወንበር ይይዙና ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛሉ። ሰብሳቢው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስለዋል። እኔ ግን አጠገባቸው ስለምቀመጥ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ዳዊት እየደገሙ እንዳይመስላችሁ፤ የሚደግሙት እንግሊዝ አገር ቤት የሸጠ ሰው ምን ያህል ግብር እንደሚከፍል ነበር።

የመንዝ ዘመሮ ልጅ ናቸው። ቁመታቸው ረጅም፣ ሰውነታቸው ከሲታ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ። መርሐቤቴ ከመንዝ ይልቅ ሞቅ ያለ አገር ቢሆንም በርኖሳቸውን ከትከሻቸው አያወርዱም። የከተማው ሰው «ጋሽ ማሙሸት፣ ብርዱን ይዘውት መጡ እንዴ?» እያለ ሲቀልድባቸው «አገሬ ናፍቆኝ እንዳልሄድ፣ አገሬን ለብሻት እዞራለሁ» ይላሉ። ቀልድ ያውቁ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ በራሳቸው ሲቀለድ መሳቅ ያውቁ ነበር፤ ይህን የሚችል ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ቅጽል ስማቸው «ጅምሩ» ነው። ያወጡላቸው ባለቤታቸው እትዬ አሰገደች ናቸው። ሰውዬው የጀመሩትን የመጨረስ ዕድል አልነበራቸውም። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው መንገድ ላይ ተዉት። አስኳላ ገብተው እሱንም አቋርጠው፣ ተመልሰው፣ ደግሞ አቋርጠው በስንት መከራ ዲፕሎማ ላይ ደረሱ። ግቢያቸው ውስጥ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ያልወጣለት ማድ ቤት ነበር። ከእሱ ጎን ውኃ ሳይደርስ የቀረ ጉድጓድ አለ፤ ዶሮ ይውልበት ነበር። እትዬ አሰገደች እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን እያስጎበኙ፣ «የተማረ ይግደለኝ ብዬ አገባሁት፤ ይኸው እንደ ቃሌ ሊገድለኝ ነው» ይላሉ። ባልየው ከእንግዳው ቀድመው ይስቃሉ።

ከጅምሮቻቸው ሁሉ ትልቁ ግን ፈተናው ነበር። እንግሊዝ አገር ያለ አንድ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰጠው ፈተና ነው። ፈተናው ብዙ ክፍል አለው። ጋሽ ማሙሸት ሥራቸውን እየሠሩ፣ በየጊዜው አንድ አንዱን እየተፈተኑ፣ ሁሉንም አልፈው አንዱ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። እሱም ከፍተኛው የግብር ፈተና ነው። በዚያ ላይ ደጋግመው ወድቀዋል። ለመፈተኛ ክፍያው በየጊዜው አንድ ሙክት ስለሚሸጥ እትዬ አሰገደች «ሙክቶቻችን ሁሉ እንግሊዝ አገር ገቡ» ብለው ያማርሩ ነበር። ማኅበሩ ደግሞ ደንብ አለው፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ሁሉንም ያልጨረሰ ሰው ከዚያ በፊት ያለፈው ሁሉ ይሰረዝበታል። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የጋሽ ማሙሸት አሥር ዓመት ሳይሞላ የሚፈተኑበት አንድ ዕድል ብቻ ቀርቷቸው ነበር።

ነገሩ ገርሞኝ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። ይህን ቢያልፉ ደመወዝ ይጨመርልዎታል ወይ አልኳቸው፤ አይጨመርም አሉ። ዕድገትስ ስላቸው ጡረታቸው እንደቀረበ አስታወሱኝ። እኛ ወረዳ ውስጥ የእንግሊዝን የውርስ ግብር የሚጠይቅ ሰው እንደሌለም ያውቃሉ። ታዲያ ለምን ይደክማሉ ብዬ ስጨቀጭቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው በበርኖሳቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ።

«አየሽ ልጄ» አሉ፣ «ቅኔ ቤቱን ጥዬ ስወጣ የኔታ ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ማሙሸት፣ አንተ በር ድረስ ደርሰህ የምትመለስ ሰው ነህ› አሉኝ። እሳቸው ሞተዋል። ቃላቸው ግን እስከ ዛሬ ይከተለኛል። አንድ በር፣ የፈለገው በር ይሁን፣ ሳልገባበት መሞት አልፈልግም።»

ከዚያን ቀን ወዲህ በፈተናው አልቀለድኩም። እንዲያውም እኔም ከዝቅተኛዎቹ ክፍሎች አንዱን ልሞክር ብዬ ተመዘገብኩና ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አብረን ማጥናት ጀመርን።

ማጥኛው ነገር ራሱ ጉድ ነበር። መጽሐፉ ከእንግሊዝ የሚመጣ፣ ዋጋው የማይቀመስ ነው። ስለዚህ ግርማ አዲስ አበባ ሆኖ ከሰው እየተዋሰ ፎቶ ኮፒ ያደርግና በአውቶቡስ ረዳቶች እጅ ይልክላቸዋል። ወረቀቱ አንዳንዴ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር፣ አንዳንዴ ከዘይት ጀሪካን ጎን ተጉዞ ይደርሳል። አንዱ ምዕራፍ ሙሉውን ዘይት ጠጥቶ ስለነበር ብርሃን ላይ ካልያዙት አይነበብም። የገጾቹ ቅደም ተከተል የተምታታ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ፎቶ ኮፒ አንሺው ሰውዬ መጽሐፉን ሲያነሳ በአውራ ጣቱ ይጫነው ስለነበር በብዙ ገጾች ላይ ጥቁር ጣት ታትሟል። ጋሽ ማሙሸት ጣቱን ለምደውት «ይኸ ሰውዬ ዛሬም አብሮን ሊያጠና መጣ» ይሉ ነበር።

ይህንን ወረቀት ሁሉ እንደ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ጠርዘው፣ የበግ ቆዳ አልብሰው፣ ማኅደር ሠርተውለት ነበር። ከነማንገቻው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። አንድ ቅዳሜ ጎረቤታቸው እማሆይ ሊጠይቋቸው መጡና ገና ከደጃፉ ማኅደሩን ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጅ ነስተው፣ ቀረብ ብለው ሳሙት። ጋሽ ማሙሸት ግን መዋሸት አይሆንላቸውም። «እማሆይ፣ እሱስ የግብር መጽሐፍ ነው፤ ያውም የእንግሊዝ» አሏቸው። እማሆይ ትንሽ አሰቡና እንደገና ሳሙት። «እንግዲያስ ቄሣርንም ይማረው» ብለው ተቀመጡ።

አጠናናቸውም የቅኔ ቤት ነው። መጀመሪያ ንባቡን በቃል ይይዛሉ፤ በኋላ ይተረጉሙታል። እንግሊዝኛውን በዜማ ሲያወጡት እንግሊዝኛነቱ ይጠፋና የሆነ የጥንት ቋንቋ ይመስላል። ትርጉሙ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ቀስረው «አንድም» ይላሉ። «አንድም ሕግ አውጪው ይህን ያለ ሀብታሙ እንዳይሸሽ ነው። አንድም ደኻው እንዳያዝን ነው። አንድም ገንዘብ ቸግሮት ነው።» እኔ ፈታኙ የሚፈልገው አንድ መልስ ብቻ ነው እያልኩ እለምናቸዋለሁ። እሳቸው አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ነገር ጨው የሌለው ወጥ ነው ብለው ያልፉኛል። የእንግሊዝ መንግሥት የግብሩን መጠን በየዓመቱ መቀያየሩ ግን በጣም ያናድዳቸው ነበር። ዳዊት ስንት ዘመን ሙሉ ሳይለወጥ ሲደገም እነዚህ ሰዎች አንድ ዓመት መጽናት አቃታቸው ይላሉ።

አንድ ቀን ግርማ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ላከ። እስከዚያ ድረስ መልስ ያለው ወረቀት አግኝተን አናውቅም ነበር። ተራ በተራ ልንሠራ ተቀመጥን። እኔ መልሱን ይዤ እጠይቃለሁ፤ እሳቸው ይመልሳሉ። ጥያቄው ኸርበርት ስለሚባል ሽማግሌ ነው። ኸርበርት ቤቱን ለሴት ልጁ በስጦታ ይሰጣል። ከአምስት ዓመት በኋላ ይሞታል። የቤቱ ግብር ምን ይሆናል?

ጋሽ ማሙሸት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቤቱ በሕይወት እያለ የተሰጠ ስለሆነ አይነካም አሉ። የቀረው ሀብት ደግሞ ሰባት ዓመቱ ሲሞላ ይታሰባል፤ ያኔ ቤተ ዘመድ ሁሉ ስለሚሰበሰብ ለመንግሥትም ለወራሾችም ይመቻል። ይህንን ያሉት ያለ አንዳች ጥርጥር ነበር።

እኔ ወረቀቱን አየሁ። ደግሜ አየሁ። «ጋሼ፣ ሰባት ዓመቱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሞተ ጀምሮ ነዋ። ሰባት ዓመት ሌላ ከምን ይቆጠራል?»

መልሱ እንዲያ አይልም ነበር። ሰውዬው ስጦታውን የሰጠው ከመሞቱ በፊት ባሉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ከሆነ ስጦታው እንደ ውርስ ተቆጥሮ ግብር ይጣልበታል። ሰጥቶ ሰባት ዓመት ከኖረ ግን ነፃ ነው። ማኅደሩን አውርደን ትልቁን መጽሐፍ ገለጥን። ገጹን አገኘነው። ያ የተባረከ አውራ ጣት «በፊት» የምትለዋ ቃል ላይ ተጋድሟል። ከጣቱ ወዲህ ሰባት ዓመት አለ፤ ከጣቱ ወዲያ ሞት አለ። በመካከል ያለውን ጥቁር ቦታ ጋሽ ማሙሸት በራሳቸው አገር ሥርዓት ሞልተውት ኖረዋል። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ዐርባው ይወጣል፣ ሙት ዓመቱ ይወጣል፣ በመጨረሻም ሰባት ዓመቱ ይወጣል። መንዝ ተወልዶ ሰባት ዓመትን ከሞት በፊት የሚቆጥር ሰው ከየት ይመጣል?

ፈራሁ፤ ያን ያህል ዘመን የደከሙበት ነገር ነውና። ወረቀቱን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው ጣቱን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ልነሳ ስል ሳቃቸው ፈነዳ። እትዬ አሰገደች ከጓዳ ሮጠው ወጡ።

«አሰገደች፣ እስከ ዛሬ የጣለኝ የሰው አውራ ጣት ነው» አሏቸው እንባቸውን እየጠረጉ። «እንግሊዝ ለካ ተዝካሩን በቁሙ የሚያወጣ ሕዝብ ኖሯል!»

ነገሩ የተፈታላቸው በዚህች አባባል ነው። በእኛ አገር ወራሽ የሌለው ሰው፣ ወይም በልጆቹ የማይተማመን፣ ተዝካሩን በቁሙ ያወጣል፤ ደግሶ ያበላል፣ ነፍሱን አደራ ይላል። ጋሽ ማሙሸት እንግሊዝን በዚህ ዓይን ማየት ከጀመሩ በኋላ ያ ሁሉ ሕግ ቁልጭ አለላቸው። ሰጥቶ ሦስት ዓመት ያለፈው ሰው ቢሞት ግብሩ እየቀለለ ይሄዳል፤ ሰባት ከሞላው ነፃ ይወጣል። ይህንንም ዜማ አወጡለትና ቢሮ ውስጥ ሲያንጎራጉሩ የምትሰማው ተላላኪያችን እንኳ ለመደችው።

ፈተናው ሲደርስ አብረን ተሳፈርን። አውቶቡሱ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ሲወርድ ሁላችንም ፍሬኑን እግዜር ይያዝልን እያልን ቁጭ ብለናል። ጋሽ ማሙሸት ግን ማኅደራቸውን አንግተው ዓይናቸውን ጨፍነው እየተወዛወዙ ነው። አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ የመርሐቤቴ ገበሬ ምን ዓይነት ጸሎት እንደሆነ ጠየቋቸው። ጋሽ ማሙሸት ደስ ብሏቸው ኸርበርትንና ቤቱን ከነልጁ አስረዷቸው። ቀስ በቀስ ከፊትም ከኋላም ያለው ተሳፋሪ ጆሮውን ሰጠ።

ገበሬው በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ «እና ሰባት ዓመት ካልኖረ ግብሩን ማን ይከፍላል፣ ሟቹ?» አሉ።

«ስጦታውን የተቀበለው ልጅ ነው የሚከፍለው።»

«ሰባት ዓመት ከኖረ ግን ልጁ ምንም የለበትም?»

«ምንም የለበትም።»

ገበሬው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያስ ይኸ ሕግ የወጣው ለግብር አይደለም። ልጁ አባቱን ደህና አድርጎ እንዲጦር ነው።»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ጋሽ ማሙሸት ግን አልሳቁም፤ እንዲህ ያለ አንድምታ በየትኛውም መጽሐፍ አላየሁም ብለው ገበሬውን እጅ ነሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ይህንን ፈተናው ላይ ልጻፈው ወይ አሉኝ። በእናትዎ ጋሼ፣ በእትዬ አሰገደች ሞት ብዬ ለመንኳቸው። አዲስ አበባ እስክንገባ ድረስ ቃል አልሰጡኝም።

የእኔ ፈተና ቀድሞ አለቀና ደጅ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ከአዳራሹ የሚወጡት ሁሉ ክራባት ያሰሩ የከተማ ወጣቶች ናቸው፤ ከመካከላቸው በርኖስ ብቅ አለ። ኸርበርት መጣ ወይ አልኳቸው። «መጥቷል። ስሙን ቀይሮ ነው የመጣው፤ ቢሆንም አልሸወደኝም» አሉ። አንድምታውን ጻፉት ወይ ብዬ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ያለው ጊዜ ለእኔም ከበደኝ። ጋሽ ማሙሸት ቢሮ ውስጥ እንደ ልማዳቸው ይቀልዳሉ፤ ግን መወዛወዛቸውን ትተው ነበር። ስብሰባ ላይ ቀጥ ብለው ሲቀመጡ ሰብሳቢው ሁሉ አሟቸው ይሆን ብሎ ጠየቀ። ቢወድቁ ያ ሁሉ ያለፉት ፈተና እንዳልነበረ እንደሚሆን እኔና እሳቸው እናውቃለን፤ አናነሳውም።

ግርማ ውጤቱን አይቶ በቀጠሮው ሰዓት እንድንደውልለት ነገረንና ቴሌ ሄደን ወረፋ ያዝን። ደዋይ ሁሉ ግድግዳውን ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ተራቸው ደርሶ ስልኩን ሲያነሱ መስመሩ ስለሚጮህ እሳቸውም ይጮሃሉ፤ ስለዚህ የከተማው ሰው ሁሉ አብሮ ሰማ።

«ስንት?... ሃምሳ?... አንተ፣ ሃምሳ ነው ያልከኝ?»

ማለፊያው ሃምሳ ነው። ከዚያ አንዲት ነጥብ ብትጎድል ወድቀዋል። ፊታቸው ላይ ምንም ነገር አላየሁም። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሌላስ የቀረ ነገር የለም? ሌላ የሚፈተኑት የለም?... እስቲ ድገመው ልጄ፤ አልሰማሁም።»

ሰምተዋል። እኔ እንኳ ከጎናቸው ሆኜ የግርማ ድምፅ ተሰምቶኛል፤ «ጨርሰዋል፣ ጋሼ፣ ጨርሰዋል» ነው ያለው። ግርማ ዘግቶም ስልኩን ከጆሯቸው አላነሱትም። የቴሌዋ ሠራተኛ መስመሩ ተቋርጧል አባቴ አለቻቸው። «አውቃለሁ፤ ትንሽ ልቁም» አሏት። ወረፋ የያዘው ሰው አንድም አላጉረመረመም።

ወደ ቤት ሄድን። እትዬ አሰገደች ደጅ ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ነበር። ጋሽ ማሙሸት ፊታቸው ሄደው ቆሙ።

«አሰገደች፣ ጨረስኩ» አሏቸው።

እትዬ አሰገደች ቀና አላሉም። «የቱን?» አሉ።

ጋሽ ማሙሸት እዚያው ምስሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሚስትየው ያን ጊዜ ቀና ብለው ፊታቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ሰፌዱ ከጭናቸው ተንሸራቶ ወደቀ፤ ብድግ ብለው እልልታውን አቀለጡት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም።

ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። ማን ወለደ የሚል አለ፤ የጠፋ ሰው ተገኘ ወይ የሚል አለ። እማሆይም መቋሚያቸውን ይዘው ደረሱ። እትዬ አሰገደች ምስሩ ላይ ቆመው «ማሙሸት ጨረሰ!» አሉ።

«ምኑን ነው የጨረሰው?» አለ አንዱ።

«እኔ ምን አውቄው» አሉ እንባቸው እየወረደ። «ብቻ ጨርሷል አልኳችሁ፤ እልል በሉ!»